የቀርከሃ አባዡር፦ ከስንጣቂው በኋላ የመጣ ሥዕል

ሐዋሳ ላይ ዲዛይንን በእጅ ሥራ ለመማር ስነሳ ቀርከሃን የመረጥኩት ቅርብ ስለሆነ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነው የደጋ ቀርከሃ ከ2,200 ሜትር በላይ ይበቅላል፤ ከሀገረ ሰላምና ከአርቤጎና በኩል ወደ ከተማው ይወርዳል። የሲዳማ ባህላዊ ቤት የሚታታውም በእሱ ነው። የሠራሁት የሚንጠለጠል አባዡር ነው፤ ቁመቱ 28፣ የታች አፉ ስፋት 30፣ የላይኛው 12 ሴንቲ ሜትር።

መጀመሪያ የሣልኩት ግን ይህን አልነበረም። ወረቀት ላይ የነበረው ሆዱ እንደ ቅል የሰፋ ቅርጽ ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቋሚ፣ ማለትም ከታች ወደ ላይ የሚቆመው ስንጣቂ፣ ያን ያህል ሲጎብጥ ተሰነጠቀ፤ ወደ 0.8 ገደማ ሳወርደው ጎበጠልኝ፣ በቋሚዎቹ መካከል እየተሹለከለከ የሚዞረውን አግዳሚ ተሸክሞ መቆም ግን አቃተው። ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ ስንጣቂው በእጥፍ የጠበበ ጥምዝ ይችላል፤ ግትርነቱ ግን ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ቅርጹን የወሰነልኝ ይህ ስሌት ነው። አሁን 15 በ15 ሴንቲ ሜትር ናሙና ሳልታታ እርሳስ አላነሳም።

ስትገዙ ዕድሜውን እዩ። የዓመቱ ቀርከሃ ለምለም አረንጓዴ ነው፣ ከአንጓው ሥር ነጭ ዱቄት አለው፤ ውሃ ስለሚበዛበት ሲደርቅ ይሸበሸባል። ሦስት ዓመት የሞላው ይደበዝዛል፣ ግራጫ ነጠብጣብ ያወጣል። ከአንጓ እስከ አንጓ ቢያንስ 35 ሴንቲ ሜትር ይኑረው፤ ቋሚው መሃል ላይ አንጓ ካለ የሚሰበረው እዚያው ነው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ስንጠቃው ነው። ቀርከሃ ሁልጊዜ እኩል ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ግማሹ እንደገና ለሁለት፣ ሩቡም እንዲሁ። ከጠርዙ አንድ ቀጭን ልላጥ ካላችሁ ስንጥቁ ወደ ቀጭኑ ይሸሽና መንገድ ላይ ይቆርጠዋል። መሸሽ ሲጀምር ቢላውን መግፋት ትታችሁ ወፍራሙን ወገን ወደ ውጭ አጉብጡት፤ ስንጥቁ ወደ መሃል ይመለሳል። ከዚያ የውስጡን ለስላሳ ሥጋ ላጡና ጣሉት፤ ጥንካሬው ያለው ቅርፊቱ ሥር ነው። ስትታቱም ቅርፊቱ ወደ ውጭ ይሁን። ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ያለ ቆዳ ጓንት አትንኩት።

ስንጣቂውን አንድ ሰዓት ቀቅዬ ሳምንት ጥላ ውስጥ አደረቅኩት። የቀቀልኩት ነቀዝ እንዳይበላው ነው፤ ነቀዝ የሚመጣው ቀርከሃው ውስጥ ላለው ስታርች ነው፤ ባህላዊው ቤት ውስጥ ይህን የሚከላከለው የምድጃው ጭስ ነው፣ ከተማ ቤት ውስጥ ግን ጭስ የለም።

ቋሚዎቹ 31 ናቸው። ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት፤ 32 ቢሆን አንዱ አግዳሚ በሁለተኛው ዙር ያለፈበትን ይደግምና አይቆላለፍም። የታቹ አፍ ዙሪያ 94 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በየ3 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ቋሚ ይደርሳል። ላይ ግን ዙሪያው ወደ 38 ይጠባል፤ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቋሚ ለአግዳሚው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ይተውለታል፣ በዚያ መሹለክ ስለማይችል ይሰበራል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቋሚ ወደ ላይ እያሾልኩ 5 ሚሊ ሜትር አደረስኩት።

አግዳሚው 4 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 0.8 ውፍረት አለው፤ በእርጥብ ጨርቅ እያሸሁ ታታሁት። በረድፎቹ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ስተው ብርሃኑ ደበዘዘ፤ 8 ሲሆን ግድግዳው ላይ የሚያምር ጥላ ጣለ፣ አምፖሉ ግን ዓይን ወጋ። ተቀምጦ ዓይን የሚያርፍበትን መሃሉን አጥብቄ ላይና ታቹን አሳሳሁት። በሦስተኛው ቀን እርጥበቱ ሲወጣ ረድፎቹ ላሉ። ከንፈሩን፣ ማለትም የአፉን ጠርዝ፣ እስከዚያ ያልዘጋሁት ለዚህ ነው፤ ወደ ታች ጠቅጥቄ አምስት ረድፍ ጨመርኩ።

ከንፈሩን ከውስጥና ከውጭ በሁለት ቀለበት ይዤ በእንሰት ቃጫ አሰርኩት። ኮላ አልተጠቀምኩም። በቀርከሃ የሚታታው የዶርዜ ቤት እግሩን ምስጥ ሲበላው ቁመቱ እያጠረ ለብዙ ዓመት ይኖራል፤ አባዡርም ቀድሞ የሚጎዳው ጫፉ ላይ ነው። ቃጫው ይፈታል፣ ቀለበቱ ይቀየራል፤ ኮላ ከሆነ ቋሚውም አብሮ ይነቀላል።

አምፖሉ 9 ዋት ኤልኢዲ ነው፣ በቁመቱ አጋማሽ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀርከሃው 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ባለ ክሩን የድሮ አምፖል እዚህ ውስጥ አታስገቡ፤ ሙቀቱ ደረቅ ቀርከሃ ያቃጥላል።