የፀሐይ ቅባቱን በወርቅ ሚዛን

ተማሪዬ አልቢኒዝም፣ ማለትም በተፈጥሮ የቆዳ ቀለም እጥረት ያለባት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ናት። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ፣ ጀርመን የምትኖረው አክስቷ የላከችላትን የፀሐይ መከላከያ ሎሽን ይዛ መጣችና «መምህር፣ ይህ ይበቃኛል?» ስትል ጠየቀችኝ። ጠርሙሱ ላይ ኤስፒኤፍ 15 ተብሎ ተጽፏል፤ ኤስፒኤፍ ቅባቱ ቆዳን ከፀሐይ ቃጠሎ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳይ ቁጥር ነው። ስለ አልትራቫዮሌት ጨረር ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ለዚህች ጥያቄ ግን መልስ አልነበረኝም። «ለክተን እንየው» አልኳት።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እዚህ ብርዱ ሰውን ያዘናጋል፤ የሚያቃጥል ፀሐይ ያለው ቆላ ብቻ ይመስለናል። ቆዳን የሚጎዳው ግን ሙቀቱ ሳይሆን ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ከፍታው አንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩም ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ከተማችን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ቀትር ሲሆን ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይገባል። ቀለም የሚሰጠውና ከጨረር የሚጋርደው ሜላኒን ለሌለው ቆዳ ይህ ከባድ ነገር ነው። በወጣትነት የሚጀምረው ቃጠሎ ውሎ አድሮ የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ ስለሚችል ጥያቄዋን እንደ ቀላል ነገር ማየት አልቻልኩም።

መጀመሪያ የሞከርኩት ባለሱቆች ሐሰተኛ ብር በሚለዩበት ወይን ጠጅ ብርሃን ባለው የእጅ ባትሪ ነበር። ቶኒክ በሚባለው መራራ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው ኩዊኒን የተባለ ንጥረ ነገር እንዲህ ያለ ብርሃን ሲያርፍበት ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። በባትሪውና በብርጭቆው መካከል ሎሽን የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ብናስገባም ውኃው ማብራቱን አልተወም። ልጅቷ ጠርሙሱን በሐዘን ስታየው ሆዴ ተላወሰ። ስሕተቱ የገባኝ ማታ ላይ ነው። ባትሪው የሚረጨው የሞገድ ርዝመቱ 395 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ነው። ከአልትራቫዮሌት ጨረር ዩቪኤ የሚባለው ከ315 እስከ 400፣ ዩቪቢ የሚባለው ደግሞ ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር ያለው ነው። ስለዚህ ባትሪው ያለው በዩቪኤ የመጨረሻ ጠርዝ ላይ፣ ዓይን ማየት በሚጀምርበት ድንበር ነው። የኤስፒኤፍ ቁጥር የሚወጣው ግን የሰው ቆዳ በቃጠሎ እስኪቀላ የሚወስደውን መጠን በመለካት ነው፤ ቆዳን በዋነኛነት የሚያቀላው ደግሞ ዩቪቢ ነው። ሎሽኑን ያልገባውን ቃል ለምን አልጠበቅህም ብዬ ስከሰው ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ፀሐይዋ ራሷ ዞርን። ከ240 እስከ 370 ናኖሜትር ያለውን ጨረር የሚለይ ትንሽ ሴንሰር አግኝቼ ቮልቴጅ ከሚለካው መልቲሜትር ጋር አያያዝኩት። ጨረሩ ሲበረታ ቮልቴጁ ከፍ ይላል። ሎሽኑን በመስኮት መስታወት ቁራጭ ላይ ቀባንና ስድስት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ለካን። ንባቡ ወደ ታች ወረደ፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን «መምህር፣ መስታወቱን ባዶውን አልለካነውም» አለ። ልክ ነበር። ባዶውን ስናስቀምጠው መስታወቱ ብቻውን ብዙ ጨረር አስቀርቷል፤ ዩቪቢማ አብዛኛው በመስታወት አያልፍም። የመስታወቱን ሥራ ለሎሽኑ ልንሰጠው ነበር። ይህን ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ንባብ መዝጋቢ አደረግሁት።

መስታወቱን ትተን ምግብ የሚሸፈንበትን ስስ ፕላስቲክ አሥር በአሥር ሴንቲ ሜትር በሆነ የካርቶን ክፈፍ ላይ ወጠርን። በቤተ ሙከራ ኤስፒኤፍ ሲለካ ለአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ 2 ሚሊ ግራም ሎሽን ይቀባል። ለኛ ክፈፍ 0.2 ግራም መሆኑ ነው። የትምህርት ቤታችን ሚዛን ይህን ያህል ትንሽ ነገር አይለይም። ወርቅ ቤት ያለው ወዳጄ ግን የግራም መቶኛ ድረስ የምትመዝን ሚዛኑን ለሁለት ቀን አዋሰኝ። መጀመሪያ 0.2 ግራም መዝነን ቀባንና ክፈፉን መልሰን ስንመዝን ፕላስቲኩ ላይ ያረፈው 0.13 ብቻ ሆነ፤ የቀረው ጣቴ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጠብታውን መመዘን ትተን ክፈፉን ሳይቀባና ከተቀባ በኋላ መመዘን ጀመርን። ከቀባን በኋላም ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲደርቅ እንተወዋለን፤ እርጥቡ ሎሽን በየጊዜው የተለያየ ንባብ እየሰጠ አስቸግሮናልና።

ደመናም ሌላ ፈተና ነው። የጠዋቱን ንባብ ከቀትሩ ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም። እያንዳንዱን ልኬት ባዶ፣ የተቀባ፣ እንደገና ባዶ አድርገን በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንጨርሳለን፤ ሁለቱ ባዶዎች ካልተቀራረቡ እንሰርዘዋለን።

በጠራ ቀን ያገኘነው ይህ ነው። ሴንሰሩ ምንም ሳይሸፈን 1.14 ቮልት፣ ባዶው ፕላስቲክ ሲሸፍነው 1.04። መከላከያ የሌለው ተራ የሰውነት ቅባት ስንቀባበት 0.93፤ ነጭ ቅባት ሁሉ ጥቂት ብርሃን ይበትናልና ይህን አለመለካት ያሳስታል። ሎሽኑ ሙሉ 0.2 ግራም ሲሆን 0.20 ቮልት። ከባዶው ፕላስቲክ ጋር ስናስተያየው ጨረሩ ወደ አንድ አምስተኛ ወርዷል።

ኤስፒኤፍ 15 በስሌት የሚያሳልፈው ከአሥራ አምስት አንድ፣ ማለትም 6.7 በመቶ ገደማ ነው፤ ታዲያ አንድ አምስተኛው እንዴት አለፈ? ወደ ምድር ከሚደርሰው አልትራቫዮሌት ውስጥ 95 በመቶ ያህሉ ዩቪኤ ስለሆነ ሴንሰራችን በአብዛኛው የሚቆጥረው እርሱን ነው። ጠርሙሱን አገላብጠን ስናይ በክብ የታጠረ ዩቪኤ የሚል ምልክት አለበት። በአውሮፓ ይህ ምልክት የሚሰጠው ዩቪኤን የመከላከል አቅሙ ቢያንስ የኤስፒኤፉ ሲሶ ለሆነ ቅባት ነው። የ15 ሲሶ 5 ነው፤ አንድ አምስተኛ ያልፋል ማለት ነው። ንባባችን ከዚህ ጋር ሲገጥም ክፍሉ በሙሉ ተንጫጫ፤ እኔም ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ልጅቷን «ጠዋት ጠዋት እንደምትቀቢው አድርገሽ ተቀቢ» አልኳትና ጠርሙሱን ከመቀባቷ በፊትና በኋላ መዘንነው። ፊቷንና አንገቷን የቀባችው በ0.6 ግራም ነው። ለፊትና ለአንገት የሚመከረው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ የዚህን ሎሽን ግማሽ ማንኪያ ስንመዝነው 2.4 ግራም ሆነ። የምትቀባው የሚገባትን ሩብ ነበር። ክፈፉን በሩቡ፣ በ0.05 ግራም ቀብተን ስንለካ 0.61 ቮልት አነበብን፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ጨረር አለፈ። ዝም አለች። «እንዳያልቅብኝ ብዬ ነው» አለች ቆይታ።

ይህች አነጋገር ሥራውን ሁሉ ለወጠችው። 200 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ በሚገባው መጠን ከተቀባ ለፊትና ለአንገት ብቻ ሰማንያ ጊዜ ቢያገለግል ነው፤ ደጅ የሚውል ሰው ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ መደገም አለበት። ስለዚህ ቅባቱን ትተን ልብስ መለካት ጀመርን። ነጠላ ሳይታጠፍ ሴንሰሩ ላይ ሲጣል 0.45 ቮልት፤ ጋቢ ሲጣል 0.02። የክፍሉ ጣሪያ ክፍክፍ ጥላ ሥር እንኳ 0.40 አነበብን፤ ጨረሩ ከሰማዩም ተበትኖ ይመጣልና ጥላ ብቻውን አያድንም።

ሰዎች 15ን ከ30 ጋር ሲያወዳድሩ 93 በመቶና 97 በመቶ ያግዳሉ፣ ልዩነታቸው ትንሽ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ቆዳዋ ላይ የሚያርፈው የታገደው ሳይሆን ያለፈው ነው፤ ያለፈው ደግሞ በ30 በግማሽ ይቀንሳል። ለአክስቷ የሚቀጥለው 50 ቢሆን ብለን ጻፍንላት።

እስኪመጣ ድረስ 15ቱን ልብስ ለማይሸፍነው ቦታ ብቻ፣ ለፊቷ፣ ለአንገቷና ለእጇ ጀርባ ልታውለው ተስማማን። እጅጌዋ ረጅም ሆነ፤ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ እናቷ ገዛችላት፤ መቀመጫዋንም ከመስኮቱ ዳር አነሣነው፤ መስታወት ዩቪኤን ያሳልፋልና። ሚዛኑን ለወዳጄ ከመመለሴ በፊት አንድ ጊዜ እንድትቀባ ጠየቅኋት፤ 2.3 ግራም ሆነ። ጠርሙሱ ላይ በፕላስተር የለጠፈችው ወረቀት «ግማሽ ማንኪያ፣ ሳልሳሳ» ይላል።