14ኛ ወር፦ ሻርኩ ሳርጉስ የሚባለውን ዓሣዬን የወሰደበት ዓርብ

ትንፋሽ ይዞ ጠልቆ በጦር ዓሣ ማደን ከጀመርኩ 14 ወር ሞላኝ። የደረስኩበትን በየጊዜው እነግራችኋለሁ ባልኩት መሠረት ይኸው። የዚህኛው ወር ግን ከሰከንድና ከሜትር ያለፈ ነገር አለው።

ቁጥሮቹን ቶሎ ልጨርስ። ሶፋ ላይ ተጋድሜ ትንፋሽ ስይዝ በመጀመሪያው ሳምንት 50 ሰከንድ ነበርኩ። አሁን 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ደርሻለሁ። ጥልቀቴ ከ4 ሜትር ወደ 11 ሜትር አድጓል። ለረጅም ጊዜ ያስቸገረኝ ጆሮዬ ነበር። የውኃውን ግፊት ጆሮዬ ውስጥ ለማመጣጠን አፍንጫዬን ይዤ በደረቴ ኃይል ስነፋ ከ5 ሜትር በኋላ እምቢ ይለኛል። አየሩን በምላስ ሥር ወደ ላይ መግፋትን የተለማመድኩት መኪና ውስጥ፣ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ነው። ጆሮው የሚያስቸግረው ሰው ካለ መጀመሪያ በየብስ ይለማመደው። ባሕር ውስጥ ተዘቅዝቆ መማር በጣም ይከብዳል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ትንፋሽ ስንይዝ ሆዳችንን የሚያርገበግበው የኦክስጅን ማለቅ አይደለም፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ነው። ከመጥለቃችን በፊት ቶሎ ቶሎ ከተነፈስን ያ ማስጠንቀቂያ ይዘገያል። ኦክስጅኑ ግን አልጨመረም። ሰው ምንም ሳይሰማው ራሱን ይስታል። ብዙ ጊዜም የሚስተው ወደ ላይ ሲወጣ፣ የውኃው ግፊት ሲቀንስ ነው። ስለዚህ አንዱ ሲወርድ ሌላው ከላይ ሆኖ ያየዋል። ብቻችሁን እንዳትገቡ፣ እባካችሁ።

አሁን ወደ ዓርብ ልምጣ።

ሦስት ነበርን። እኔ፣ የአክስቴ ልጅና ከጅስር አዝ ዘርቃ የመጣ ዓሣ አጥማጅ ጓደኛችን። ጅስር እዚህ እስራኤል ውስጥ ከቂሳርያ በስተ ሰሜን ያለች የአረቦች መንደር ናት፤ ሰዎቿ ባሕሩን ከልጅነታቸው ያውቁታል። ጓደኛችን በትንሽ ጀልባው ወሰደን። ከማዕበል በኋላ ሁለት ቀን ነፋስ አልነበረም፤ ውኃው 7 ሜትር ያህል ያሳያል። ለዚህ አገር ክረምት፣ ለብርዱ ወራት፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የወረድነው ከቂሳርያ በስተ ደቡብ፣ ኩርካር የሚባለው የአሸዋ ድንጋይ እንደ ደረጃ የተደራረበበት ቦታ ላይ ነበር። ከሩቅ የሐደራ ኃይል ማመንጫ ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ።

የዚያን አካባቢ ነገር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ማመንጫው ሞቅ ያለ ውኃ ወደ ባሕር ይለቃል። በክረምት ሻርኮች ወደዚያ ሙቀት ይሰበሰባሉ። ቂሳርያ አጠገብ፣ ስዶት ያም በምትባል መንደር ያለው የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ የባሕር ምርምር ጣቢያ ለዓመታት ሲከታተላቸው ቆይቷል። የሚመጡት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ በአንደኛው ዓይነት ወንዶቹ፣ በሌላኛው ሴቶቹ ይበዛሉ። በ2025 በፈረንጆቹ ሚያዝያ ደግሞ እዚያው ሐደራ አንድ ዋናተኛ በሻርክ ሕይወቱን አጥቷል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ርቀን ነው የገባነው። ግን ሻርክ ድንበር የለውም።

መጀመሪያ ሁለት ሲካን አገኘሁ። ሲካን ከቀይ ባሕር በስዊዝ ቦይ በኩል የመጣ ዓሣ ነው። አሁን ሜዲትራኒያንን ሞልቶታል። እሾሁ መርዝ ስላለው በጥንቃቄ ይያዛል። ከወጋችሁ ቦታውን በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ ሕመሙን ያቀለዋል። ሁለቱንም ወገቤ ላይ ባለው ገመድ አሰርኳቸው።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ዓሣው መታሰር ያለበት ከእኛ ርቆ በሚጎተተው ተንሳፋፊ ላይ ነው፤ ወይም ወዲያው ወደ ጀልባ መግባት አለበት። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተነግሮኛል። ተንሳፋፊው 15 ሜትር ያህል ርቆ ስለነበር ሰነፍኩ።

በሦስተኛው መውረዴ 8 ሜትር ላይ ድንጋይ ይዤ ተጋደምኩ። ዝም ብሎ መጠበቅ ከማባረር ይሻላል፤ ዓሣው ራሱ ምንድን ነው ብሎ ይመጣል። ትልቅ ሳርጉስ መጣ። ተኮስኩ፤ መታሁት። ግን አልሞተም፤ ጦሩ ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ሻርክ ያንን መንቀጥቀጥ ከሩቅ ይሰማል። ጎኑ ላይ ከራሱ እስከ ጭራው የተዘረጋ የስሜት መስመር አለው።

ከግራዬ ጥላ አለፈ። ዞር ስል ግራጫ ሰውነት፣ ረጅም የጀርባ ክንፍ። ክው አልኩ። ሦስት ሜትር የሚሆን መሰለኝ። ውኃ ውስጥ በማስክ ስናይ ነገር ሁሉ በሲሶ ያህል ስለሚተልቅ ከሁለት ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ይህን የሚያሰላ ልብ የለም።

መላ ሰውነቴ እግሬ አውጪኝ አለ። ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ውኃውን እየመታሁ ወደ ላይ መሮጥ ነበር የፈለግኩት። ያ ደግሞ ልክ የቆሰለ ዓሣ መምሰል ነው። ያዳነኝ የቀይ መብራቱ ልምምድ፣ የሶፋው ልምምድ ይመስለኛል። ሆዴ ሲርገበገብ ሳልደነግጥ መቆየትን ብዙ መቶ ጊዜ ተለማምጄዋለሁ። ገና አየር አለኝ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ፊቴን ወደ ሻርኩ አዞርኩ። ጦሩን የምተኩስበትን ጠመንጃ በእኔና በእሱ መካከል ያዝኩት። ዓይኔን ሳልነቅል ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ሁለት ጊዜ ዞረኝ። በሁለተኛው ቀረብ አለ፤ ዓይኑ እኔን ሳይሆን ወገቤን የሚያይ መሰለኝ። ያኔ ነው ሲካኖቹን ያስታወስኳቸው። የአክስቴ ልጅ ከላይ ሆኖ ሲያይ ስለነበር እስከ ግማሽ መንገድ ወርዶ ጎኔ ተሰለፈ። ሁለት ሰው ሲያይ ሻርኩ ራቅ አለ። ላይ ስንደርስ ጀርባ ለጀርባ ሆነን፣ እግራችንን ሳናንቦጫርቅ ጀልባውን ጠራን። ሲካኖቹን ፈትቼ መጀመሪያ እነሱን አስገባሁ። ከዚያ እኛ ገባን።

ሳርጉሱ ገና ታች፣ ጦሩን ከጠመንጃው ጋር በሚያስረው ገመድ ጫፍ ላይ ነበር። መጎተት ስጀምር ገመዱ አንድ ጊዜ በኃይል ወደ ታች ሄደ። ከዚያ ላላ። የወጣው የተጣመመ ጦር ብቻ ነው። ማንም አልተናገረም። የጅስሩ ጓደኛችን ጦሩን አገላብጦ አየና "ድርሻውን ወሰደ" አለ። ቀጥሎ ወገቤን አየና ተቆጣኝ። አልመለስኩለትም፤ እውነቱን ነበር።

ቤት ስደርስ ከሰንበት በፊት ሲካኖቹን ጠርጌ ለእናቴ ሰጠኋት። ጎንደር ሳለን ወንዝ ዳር እንኳ እንዳልቆም ታባርረኝ የነበረች ሴት ናት። ነገርኳት፤ መደበቅ አልፈለግኩም። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "ያ ልጅ ባይኖርስ?" አለችኝ፤ የአክስቴን ልጅ ማለቷ ነው። አጎቴ ደግሞ ለምን ሻርኩን አልተኮስክም ብሎ ጠየቀኝ። ሻርክ እዚህ አገር በሕግ የተጠበቀ እንስሳ ነው። እኛም ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አንበላም። ከሁሉም በላይ ግን ቤቱ የገባሁት እኔ ነኝ።

ለሚቀጥለው ወር ጥልቀት አልጨምርም፤ 11 ሜትር ይበቃኛል። የወገቤን የዓሣ ገመድ ቆርጬ ጥዬዋለሁ። ከተንሳፋፊው ጋር የሚያገናኘኝ 20 ሜትር ገመድ ገዛሁ። ዓሣው እንደተመታ ሳይንቀጠቀጥ እንዲያልቅ፣ ከቅርብ ካልሆነ ላለመተኮስም ወስኛለሁ። እሑድ ከአክስቴ ልጅ ጋር ገንዳ ውስጥ ራሱን የሳተ ሰው ማውጣትን እንለማመዳለን፤ አንድ ሰዓት እኔ እሆናለሁ፣ አንድ ሰዓት እሱ።