ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚጠወልግ ፖቶስ

ጥር፣ ደብረ ብርሃን

ፖቶስ የሚባለው የቤት ውስጥ ሐረግ ሲጠወልግ የሁሉም ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ውሃው ጆግ ነው። እዚህ ደጋ ላይ ግን ከጥማት ይልቅ ውሃ ብዙ የቤት አበባ ይገድላል ባይ ነኝ። ምክንያቱ ብርዱ ነው። ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ይወርዳል፣ ሳሎኑም ማሞቂያ የለውም። ፖቶስ የሞቃት ደን ሐረግ ስለሆነ ከ10 ዲግሪ በታች ይጎዳል፤ ከ15 በታችም ቢሆን እድገቱ በጣም ይዘገያል። የማያድግ ተክል ውሃ የሚጠጣው በጥቂቱ ነው። የተረፈው ውሃ በአፈሩ ውስጥ የአየሩን ቦታ ይይዛል፣ ስሩ ይታፈናል፣ እንደ ፒቲየም ያሉ ስር አበስባሽ ጥቃቅን ተሕዋስያንም ይገቡበታል። የበሰበሰ ስር ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል። ባለቤቱም ይጨምርለታል።

ሸዋ ሮቢት ያለ ዘመድ «ቶሎ ቶሎ አጠጪው» ብሎ ቢመክር ለቆላው እውነቱን ነው። ለኛ ግን አይሠራም።

ስለዚህ ምርመራው ከቅጠሉ ሳይሆን ከአፈሩ ይጀምር። ጣት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይግባ። ቅጠሉ ዝሎ አፈሩ ደረቅ ከሆነ በእርግጥ ጠምቶታል፣ ጠጥቶ በሰዓታት ውስጥ ይነሳል። ቅጠሉ ዝሎ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ችግሩ ስሩ ላይ ነው። የሚሸት አፈርና ከማሰሮው ላይ ብን የሚሉ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦችም አፈሩ ደርቆ እንደማያውቅ ይናገራሉ። በአንድ ሌሊት የወጣ ጠቆር ያለ፣ ውሃ ያዘለ የሚመስል ነጠብጣብ ደግሞ ብርድ ነው። ማታ መጋረጃው ሲዘጋ በመስታወቱና በመጋረጃው መካከል የቀረ ቅጠል ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል።

ስሩ ከተጠረጠረ ተክሉን ነቅሎ ማየት ነው። ጤነኛው ስር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ነው፤ በጣት ሲጎትቱት ልጣጩ ወልቆ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። በ70 በመቶ አልኮል በተጠረገ መቀስ የበሰበሰውን ሁሉ እስከ ጤነኛው ድረስ መቁረጥ፣ መሰሰት አይበጅም። ስሩ በግማሽ ከቀነሰ ቅጠሉንም መቀነስ አለብን፤ የቀረው ስር ያን ሁሉ ቅጠል ማጠጣት አይችልም። የተቆረጠውን ግን ለበግ አትጣሉለት፤ በተክሉ ፈሳሽ ውስጥ ያሉት መርፌ መሰል ክሪስታሎች አፍ ያቃጥላሉ።

አፈሩ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። ከጓሮ የሚዛቀው ዋልካ ለእርሻው ይሁን እንጂ ለማሰሮ አይሆንም፦ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውሃውም በስንጥቁ አልፎ ስሩን ሳይነካ ይወርዳል። 2 እጅ ቀላል አፈር፣ 1 እጅ የታጠበ ሻካራ አሸዋ፣ 1 እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ይበቃል። ማሰሮው ከተረፈው ስር በ2 ወይም በ3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይስፋ፤ ትልቅ ማሰሮ ማለት ስር ያልደረሰበት እርጥብ አፈር ማለት ነው። የቀለም ባልዲ ከሆነ ከታች 4 ወይም 5 ቀዳዳ ይበሳ። ከታች ጠጠር መደርደር የተለመደ ነው፣ ግን ውሃውን አያወርደውም፤ እርጥቡ አፈር ከጠጠሩ በላይ ይቆማል፣ ማለትም ወደ ስሩ ይጠጋል።

ከዚያ በኋላ የላይኛው 3 ሳንቲ ሜትር ሲደርቅ ብቻ፣ ቤት ውስጥ ባደረ ውሃ፣ ከሥር እስኪወጣ ማጠጣት። ሳህኑ ላይ የተጠራቀመው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይደፋ። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ማዳበሪያ የለም። ለእርሻ የመጣች ዩሪያ በእፍኝ የተበተነችበት ማሰሮ አልፎ አልፎ አያለሁ፤ 46 በመቶ ናይትሮጅን ናት፣ የቆሰለ ስር ታቃጥላለች። አመድና የቡና አተላም ይቅሩበት።

ሁሉም በሽታ ከስር አይመጣም። በበጋው ደረቅ አየር ቅጠሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ነጫጭ ነጠብጣብና ቀጭን ድር ከታየ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፎ ማየት፤ ነጠብጣቦቹ ከተንቀሳቀሱ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ነው። የቅጠሉን ጀርባ በውሃ ማጠብ፣ ከዚያ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ቀላቅሎ መርጨት። በ5 ወይም በ7 ቀን ልዩነት 3 ጊዜ ይደገም፤ ሳሙናው እንቁላሉን አይገድልም። የዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል።

ግንዱ እስከ ጫፉ ከለሰለሰ ተክሉ አልቋል። ጫፉ ገና ጠንካራ ከሆነ ግን 2 አንጓ ያለው ቁራጭ ውሃ ውስጥ፣ ምሥራቅ በሚያየው መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፤ በሞቀ ክፍል ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ በዚህ ወር ከዚያም በላይ ቆይቶ ስር ያወጣል። የድሮው አፈር ለሌላ ማሰሮ አይገለበጥም፣ ጓሮ ይደፋል።