የቆላ ዝንብ በሌለበት ገንዲ ከየት መጣ?

ከጣና ሐይቅ ብዙም በማይርቅ አንድ ቀበሌ የከብት ደም ስንሰበስብ፣ የከሳ በሬያቸውን ይዘው የመጡ አንድ አባት «ልጄ፣ ይህ በሬ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ነው፤ ቆላ ወርዶ አያውቅም። የቆላ ዝንብ በሌለበት ገንዲ ከየት መጣ?» ሲሉ ጠየቁኝ። በሬው የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ነበር፤ የዐይኑ ውስጠኛ ሽፋንም ነጥቷል። ከጆሮው የደም ሥር በቀጭን የመስታወት ቱቦ የወሰድነውን ደም በማሽን አሽከርክረን፣ ቀዩ ደም ታች ሲረጋ ከበላዩ የሚቀረውን ስስ ነጭ ንጣፍ በማይክሮስኮፕ ሳየው፣ ክር የመሰሉ ነገሮች ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ይወረወሩ ነበር። የቀይ ደሙ መጠን ከመቶ 19 ብቻ ነበር። ያየሁት ትሪፓኖሶማ፣ ማለትም በአብዛኛው በቆላ ዝንብ ንክሻ እየተላለፈ ገንዲ የሚባለውን ከብት አክሳሪ በሽታ የሚያመጣው የደም ተህዋስ፣ መሆኑ አላጠራጠረኝም፤ የአባትን ጥያቄ ለመመለስ ግን የትኛው ትሪፓኖሶማ እንደሆነ መለየት ነበረብኝ።

በአገራችን በከብት ላይ ገንዲ የሚያመጡት በዋናነት ሦስት ናቸው። ትሪፓኖሶማ ኮንጎሌንሴ አጭር ነው፤ ከሰውነቱ አልፎ የሚወጣ ነጻ ጅራፍ የለውም፤ በእርጥብ ደም ውስጥም ከቦታው ብዙ ሳይርቅ ይወራጫል። ትሪፓኖሶማ ቫይቫክስ ረዘም ያለ፣ ነጻ ጅራፍ ያለውና በጣም ፈጣን ሲሆን፣ በጊምሳ ቀለም ሲቀባ ኪኔቶፕላስት የሚባለው የራሱ ዲኤንኤ ያለው ነጥብ ጎልቶ በኋለኛው ጫፉ ላይ ይታያል። ትሪፓኖሶማ ብሩሴ ደግሞ በአንድ የደም ጠብታ ውስጥ ቀጭንም ወፍራምም ሆኖ ይገኛል፤ ኪኔቶፕላስቱ ትንሽ፣ በጎኑ ያለው ሞገድ መሰል ሽፋን ግን ጉልህ ነው። እኔ ያየሁት፣ የተቀባው ደም እንዳረጋገጠልኝ፣ ቫይቫክስ ነበር።

ትሪፓኖሶማ የሚለው ስም የተሰጠው በ1843 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን፣ ስሙን ያወጣው ተመራማሪ ግሩቢ ተህዋሱን ያገኘው በእንቁራሪት ደም ውስጥ ነው። ስሙ መሰርሰሪያ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ አካሄዱን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ምክንያቱን ይረዳል። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አዲስ ትሪፓኖሶማ የሚሰየመው በመልኩና በተገኘበት እንስሳ ነበር። ሆር የተባለ ተመራማሪ በ1972 ባሳተመው ሥራ ግን የአጥቢ እንስሳትን ትሪፓኖሶማዎች በነፍሳቱ ሰውነት ውስጥ በሚያድጉበት ቦታ ለሁለት ከፈላቸው፤ አንደኞቹ በነፍሳቱ የኋላ አንጀት አድገው በዐይነ ምድር የሚተላለፉ፣ ሁለተኞቹ ወደ አፍ አካባቢ ወጥተው በንክሻ የሚተላለፉ ናቸው። ሦስቱም የገንዲ አምጪዎች ከሁለተኞቹ ወገን ናቸው፤ በቆላ ዝንብ ውስጥ ያላቸው ጉዞ ግን ይለያያል። ብሩሴ ከአንጀት ተነሥቶ እስከ ምራቅ ዕጢ ይደርሳል፤ ኮንጎሌንሴ ከአንጀት ወደ መንከሻው ይወጣል፤ ቫይቫክስ ዕድገቱን የሚጨርሰው በመንከሻው ብቻ ነው።

ምደባው በዚህ ተረጋግቶ አልቀረም። ግሪፊዝ ኢቫንስ በ1880 በፑንጃብ በፈረሶችና በግመሎች ደም ውስጥ ያገኘው ትሪፓኖሶማ ኢቫንሲ፣ ዛሬ በእኛም ግመሎች ላይ ሱራ የሚባለውን አክሳሪና አስወራጅ በሽታ የሚያመጣው ነው። በማይክሮስኮፕ ከብሩሴ ቀጭን መልክ ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ ምክንያቱ ደግሞ የዐይናችን ድክመት ሳይሆን ዝምድናቸው ነው። በ2008 የታተመ የዘረ መል ጥናት፣ ኢቫንሲም ሆነ በፈረሶች መካከል በግብረ ሥጋ የሚተላለፈው ኢኩዊፐርደም፣ የኪኔቶፕላስት ዲኤንኤያቸውን በከፊል ወይም በሙሉ ያጡ ብሩሴዎች መሆናቸውን አሳየ። ይህ ዲኤንኤ በቆላ ዝንብ ውስጥ ለማደግ የግድ ስለሚያስፈልግ፣ ያጣው ተህዋስ ወደ ዝንቡ መመለስ አይችልም። ስለዚህ ኢቫንሲ በሌሎች ነካሽ ዝንቦች አፍ ላይ በሚቀር ደም እየተላለፈ የቆላ ዝንብ ወደሌለበት በረሃ፣ ከዚያም አልፎ ወደ እስያ ተሻገረ። ኋላ የመጡ ጥናቶች ደግሞ ኢቫንሲ ከብሩሴ የተገነጠለው ከአንድ ጊዜ በላይ እንደሆነ አመለከቱ። ስለዚህ እንደ እኔ እምነት ኢቫንሲን ራሱን የቻለ ዝርያ ማድረግ ትክክል አይደለም፤ ስሙ የሚነግረን የዘር ሐረግን ሳይሆን የአኗኗር ስልትን ነውና። ግመል አርቢው የሚያውቀውን ስም ከበሽታው ላይ መንጠቅ አይገባም፤ በብሩሴ ሥር እንደ ንዑስ ዝርያ መመዝገቡ ሁለቱንም ያስማማል።

የእኒያ አባት በሬ ጉዳይ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ቫይቫክስ በቆላ ዝንብ ውስጥ የማደግ ችሎታውን እንደያዘ ቢሆንም፣ እንደ ኢቫንሲ በሌሎች ነካሽ ዝንቦች አፍም ይተላለፋል፤ ከአፍሪካ በተጫኑ ከብቶች ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄዶ የተዛመተውም እንዲሁ ነው። በዴዴሳና በግቤ ሸለቆዎች የቆላ ዝንብን ለመቀነስ የሚዘረጋው ወጥመድና መድኃኒት የተነከረ ጨርቅ ኮንጎሌንሴን ሊገታ ይችላል፤ ጣና ዳር ግን የቆላ ዝንብን መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

ይህንኑ በምችለው ቃል ለአባት አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና «ክረምቱ ሲወጣ ውኃ መጠጫው ላይ ከብቱን የሚያስለቅሰው ትልቁ ዝንብ ነዋ!» አሉ። በሬያቸውን መድኃኒት ወግተን፣ በመዝገቡ ላይ «ገንዲ» ከሚለው አጠገብ «ቫይቫክስ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያም የውኃ መጠጫውን ሊያሳዩኝ ተያይዘን ወረድን።