ጂም ኬሊን ተዉት

በርጫ ላይ የሱፐር ቦውል፣ የአሜሪካን ፉትቦል ፍጻሜ፣ ወሬ ከተነሳ ነገሩ ወዲያው የዋንጫ ቆጠራ ይሆናል። ቶም ብሬዲ 10 ፍጻሜ ተጫውቶ 7 ዋንጫ፣ ጆ ሞንታና 4 ተጫውቶ 4። ከዚያ አንዱ ጉንጩን እንደወጠረ «ጂም ኬሊስ?» ይልና ቤቱ ሁላ ያውካካል። ኬሊ እንደ ሁለቱ ኳርተርባክ፣ የማጥቃቱ መሪ፣ ነበር፤ ለቡፋሎ ቢልስ። አራት ፍጻሜ፣ አራት ሽንፈት፣ ያውም በተከታታይ።

ድሬ ላይ ይሄን ጨዋታ የሚከታተል ብዙ ሰው አለ ብዬ አልዋሽም። ሳቢያን ሰፈር ያለነው ጥቂት ነን፤ እኔን ያስለከፈኝ ቡፋሎ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ፍጻሜው የሚጀምረው ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እናቴ የቦንቦሊኖ ሊጥ ልታቦካ ስትነሳ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ እንሆናለን። ጨዋታው በቆመ ቁጥር «አለቀ?» ትለኛለች። ይሄ ጨዋታ ደግሞ ሥራው መቆም ነው።

ለማያውቀው፦ ኳርተርባክ ኳሱን ከመሀል ተቀብሎ ወይ ይወረውራል፣ ወይ ለሯጭ ይሰጣል፣ ሲብስበት ራሱ ይዞ ይሮጣል። ቡድኑ በ4 ሙከራ 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) መግፋት አለበት። ተጋጣሚ ሲያጠቃ ግን እሱ ዳር ወጥቶ ውኃ እየጠጣ ከማየት ሌላ ምንም ማድረግ አይችልም። የእኔም ክርክር እዚህ ላይ ነው።

ጥር 1991 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ታምፓ። ቡፋሎ ቢልስ ከኒውዮርክ ጃየንትስ። ቢልሶች በየመሀሉ ተሰብስበው ሳይማከሩ ቶሎ ቶሎ ነበር የሚያጠቁት፤ ኬሊ እዚያው መስመሩ ላይ ቆሞ እየጮኸ ያዛል። ጃየንትሶች ታዲያ ኳሱን ከለከሉት። ከ60 ደቂቃ ውስጥ ከ40 በላይ በእነሱ እጅ ነበር። ይሄን ሁሉ ያደረጉት ደግሞ ዋናው ኳርተርባክ ፊል ሲምስ ተጎድቶ፣ በተጠባባቂው ጄፍ ሆስቴትለር ነው። ኬሊ በቀረችው ጊዜ አንድም ኳስ አላስነጠቀም። 20 ለ 19 እየተመሩ፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀር፣ ከራሳቸው 10 ያርድ መስመር ተነስቶ ቡድኑን እየገፋ ወሰደ። 8 ሰከንድ ሲቀር ኳሱን በእግሩ የሚመታው ስኮት ኖርውድ 47 ያርድ ላይ ቆመ፤ በምሰሶዎቹ መሀል ካሳለፋት ዋንጫው የእነሱ ነው። መታ። ኳሱ በቀኝ በኩል ወጣ።

ቪዲዮውን ለእናቴ አሳየኋት። እጇ ሊጥ ውስጥ እንዳለ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየችና «የሳተው ያ በእግሩ የመታው አይደል እንዴ? ረጅሙ ልጅ ምን አጠፋ?» አለችኝ።

በቀሩት ሦስቱ ጠበቃ ልቆምለት አልችልም። በ1992 በዋሽንግተን 37 ለ 24 ሲሸነፉ 4 ኳስ አስነጥቋል። በ1993 ዳላስ 52 ለ 17 ሲጫወትባቸው ገና በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ጉልበቱን ተጎድቶ ወጣ። በ1994 እንደገና ዳላስ፣ 30 ለ 13። ግን አራት ዓመት በተከታታይ ለሱፐር ቦውል የደረሰ ሌላ ቡድን የለም። ያ ሁሉ ሰው የሚያደንቀው ዳን ማሪኖ እንኳ 17 ዓመት ተጫውቶ አንዴ ብቻ ነው የደረሰው፤ እሷንም በሞንታና ተሸነፈ።

ዋንጫ የኳርተርባክ ልክ ነው ካላችሁ ደግሞ ትሬንት ዲልፈርን ምን ልታደርጉት ነው? በ2001 ፍጻሜ 153 ያርድ ብቻ ወርውሮ ከባልቲሞር ጋር ዋንጫ አነሳ። ተከላካዮቹ ሥራውን ጨርሰውለታል። በዚያው ዓመት ቡድኑ አሰናበተው። ብሬዲ በ2018 505 ያርድ ወረወረ፣ በፍጻሜ ማንም ያልደረሰበት ነው፤ ግን 41 ለ 33 ተሸነፈ። ያሸነፈው ኒክ ፎልስ ተጠባባቂ ነበር፤ ጭራሽ ኳስ ተወርውሮለት ይዞ ራሱ ተችዳውን (የጨዋታውን ትልቁን ጎል) አስቆጠረ!

ይሄን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በድምፅ ላክሁለት። ደስ ብሎት «እና ብሬዲንና ኬሊን ቢሰጡህ ማንን ትወስዳለህ?» አለኝ። ብሬዲን ነዋ ወርያ፣ አብጃለሁ እንዴ! እስካሁን አኩርፎኛል።