ደቻቱ ማንን መረጠ?

ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ልብ ወለድ እንድንመርጥ የተመደብነው ሦስት ነን፦ እኔ፣ ከጎንደር በኩል የመጣ አንድ ዲያቆን፣ እና ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣው ጋሼ። ድሬዳዋ ላይ «ጋሼ» እያሉ «አንተ» ማለት ያለ ነው። ዲያቆኑ ግን እስካሁን አልለመደውም፤ «እርስዎ» ባለው ቁጥር ጋሼ ዞር እያለ ከኋላው ማን እንደቆመ ያያል።

ገድሉ፣ ድርሳኑ፣ የትርጓሜው መጽሐፍ ማንንም አያጨቃጭቅም። ሥራ የሚጀመረው በስጦታ ከመጣው ካርቶን ውስጥ ልብ ወለድ ሲወጣ ነው። ልጆቹ ይፈልጉታል። እኛ ጋ ካጡት በቴሌግራም ፒዲኤፉን ያወርዱታል፤ ያኔ ምን እንዳነበቡ የሚያውቅም፣ ምን እንደተሰማቸው የሚጠይቅም የለም። ስለዚህ እኔ ከመጀመሪያውም ይግባ ባይ ነኝ። ጋሼ አይግባ ባይ ነበር። ክርክሩ አጭር ነው፦ «ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይደረደርም።»

ዲያቆኑ ናታንን አመጣበት። ነቢዩ ናታን በንጉሡ በዳዊት ፊት ሲቆም «በድለሃል» ብሎ አልጀመረም፤ ብዙ በግ ስላለው ባለጠጋና አንዲት ጠቦት ብቻ ስላለችው ድሃ አወራለት። ያ ባለጠጋ የለም፣ ጠቦቷም የለችም። ዳዊት ግን በሌለ ሰው ተቆጥቶ ሞት ፈረደበት፤ ፍርዱም ዞሮ ራሱ ላይ አረፈ። «ናታን ነቢይ ነው፤ ያንተ ደራሲ ነቢይ ነው?» አለ ጋሼ። ለዚህ መልስ አልተገኘለትም፣ ሻይ ቀዳን።

ዲያቆኑም ይግባ ሲል በልኬት ነው። የመኝታ ቤት ገጽ የሌለበት፣ ጠንቋይን የማያስከብር፣ ካህንን የማያዋርድ ይሁን ይላል። የብላቴን ጌታ ኅሩይ «ወዳጄ ልቤ» ያለ ችግር አለፈ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ሦስተኛው ላይ ተያዘ።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌያለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ጎጃም ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሰው ናቸው። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ መጽሐፍ የካህኑንም የባላባቱንም ጉድ የጻፉት እንደ ባዳ አይደለም፤ ቤቱን ከውስጥ ያውቁታል። ከሁሉ በላይ ግን የበዛብህ ነገር አለ። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ነው፤ እሱ ሳይጠየቅ የተገባው ስእለት አድጎ ሲያፈቅር እግር ከወርች ያስረዋል። የእኛ ልጆች ደግሞ ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ሲወጡ ያደጉ ናቸው። ስንቶቹ ራሳቸው የስእለት ልጆች ናቸው፤ እዚያው ቁልቢ ገብርኤል ክርስትና የተነሡም አሉባቸው። እናት የተሳለችው ልጇን ምን ያህል ያስረዋል? ይህን በጉባኤ መካከል ተነሥቶ የሚጠይቅ ወጣት አላየሁም። ስለ በዛብህ አስመስሎ ግን ይጠይቃል። ዲያቆኑ አሰበ፣ አሰበና «ለትልልቆቹ ብቻ» የሚል ጽፎበት ፈረመ።

የቪክቶር ሁጎ «መከረኞቹ»፣ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ወደ አማርኛ የመለሱት ማለቴ ነው፣ የሚያስቅ ክርክር አስነሣ። ጳጳሱ የብር ዕቃውን ሰርቆበት የተያዘውን ዣን ቫልዣንን ለማዳን «እኔ ሰጥቼው ነው» ይላል፤ ጭራሽ መቅረዞቹንም ይጨምርለታል። «ጳጳሱ ዋሸ እኮ!» አለ ዲያቆኑ። ጋሼ ከት ብሎ ሳቀ። ለካ በወጣትነቱ፣ ምድር ባቡር ፈረንሳይኛ ይነገርበት በነበረ ጊዜ፣ በፈረንሳይኛው አንብቦታል! ይህን ሁሉ ጊዜ ሲከራከረን አንድም ቀን አልተነፈሰም። «ልጅ ነበርኩ አቦ» ብሎ አለፈው።

ነገሩ የተገለበጠው ግን ማናችንም ባልጠረጠርነው መጽሐፍ ነው። ብዙ የምትረዳን አንዲት እትዬ በርከት አድርጋ ገዝታ ያመጣችው «መንፈሳዊ ልብ ወለድ» ነው፤ ርእሱን አልጽፍም። በዲያቆኑ ልኬት ነቀፋ አይገኝበትም። መኝታ ቤት የለም፣ ጠንቋይ የለም፣ ካህናቱ ሁሉ ቅዱሳን ናቸው፣ በየሁለት ገጹ ይጸለያል። ታሪኩ የኛን በምትመስል ከተማ ወንዝ በሌሊት ሲሞላ ነው። ሰካራሙ ይወሰዳል፣ ቃሚው ይወሰዳል፣ ሙስሊሙ ቤት አከራይ ከነገንዘቡ ይወሰዳል፤ ጿሚው ቤተሰብ አንድ ሰው ሳይጎድልበት ይነጋለታል።

ጋሼ ቤቱ ወስዶ አንብቦት መጣ። ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገውና «ውሸት ማለት ይሄ ነው» አለ።

የ1998ቱን ክረምት ድሬ ላይ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ዝናቡ ከላይ ደጋው ላይ ጣለ፤ ከተማችንን የሚያቋርጠው ወንዝ ደቻቱ ሰው በተኛበት በሌሊት ሞልቶ መጣ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። «ፍልሰታ ሊገባ ነበር» አለ ጋሼ። «ጎረቤቴ ለጾሙ ሽሮዋን አስፈጭታ፣ ሱባኤ ልትገባ ተዘጋጅታ ሳለ ነው ውሃው የወሰዳት። የሚቅመውም ሞተ፣ የማይቅመውም ሞተ። የኔን ልጆች በትከሻው ያሻገራቸው ደግሞ ከመስጊድ የማይጠፋ ሰው ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ደቻቱ ማንን መረጠ? በዚህ መጽሐፍ ሂሳብ እሷ ምን አድርጋ ነው?»

ዲያቆኑ ክርክር ውስጥ አልገባም። ሉቃስ 13ን አውጥቶ አነበበልን፤ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌላው ሁሉ የባሱ በደለኞች ይመስሏችኋልን የሚለውን። ከዚያ መጽሐፉን ከተፈቀደው ክምር አንሥቶ ለብቻው አስቀመጠው። ጋሼም «ልብ ወለድ ሁሉ ውሸት ነው» የሚለውን አልደገመም፤ እኔም አላነሣሁበትም።

እኔን ሌሊቱን ሲከነክነኝ ያደረው አከራዩ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ስም እንኳ የለውም፤ የመጣው ለመስጠም ብቻ ነው። ይህን የሚያነቡት ልጆች ከሙስሊም ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፣ በረመዳን ከጎረቤት ሙሸበክ ይላክላቸዋል፣ አንዳንዶቹም የሚያድሩት እንደዚያው አከራይ ባለ ሰው ግቢ ነው። ስለ መሳም ያነበበን ልጅ ቁጭ አድርጌ ማነጋገር አያቅተኝም፤ አፍሮ ይሥቃል፣ ይጠይቃል፣ ይገባዋል። እግዚአብሔር ጎረቤቱን በጎርፍ እንደጠረገለት፣ መስቀል ባለበት ሽፋን ያነበበው ልጅ ግን የሚጠይቀው ነገር አይኖረውም። መጽሐፉን ያቀበልነው እኛ ነና፣ እውነት ነው ብሎ ይዞት ይሄዳል።

የቀረው ለእትዬ መንገር ነው። እያለቀሰች ነው ያነበበችው፣ በቅን ልብ ነው ያመጣችው። ዲያቆኑ ለደብሩ አስተዳዳሪ እንተወው ይላል፤ አባታችንን በዚህ ማስቸገር ግን አይታየኝም። እኔው እነግራታለሁ፣ ጋሼ ያለውንም ጭምር፤ እሷም ያን ክረምት እዚሁ ነበረች። ቅር ካላላት ለሚቀጥለው «መከረኞቹ»ን ፈልጋ እንድትገዛልን እጠይቃታለሁ። በካርቶን የመጣልን ቅጂ የመጨረሻ ገጾቹ ተገንጥለዋል። እስከዚያው ጋሼ መጨረሻውን ለልጆቹ በቃሌ እነግራቸዋለሁ ብሏል።