ውሃ የገባበት ዲፈረንሻል፦ የሃይሉክሴን የኋላ ዘይት ደጄ ላይ እንዴት እንደቀየርሁ

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ ነው። ከኋላ የሚመጣ፣ የንብ ቀፎ የሚመስል እምምታ። ፍጥነቴ 50 ሲያልፍ ይጀምራል፣ 70 ላይ ይጎላል። መኪናዋ ከአባቴ የወረስኋት ሃይሉክስ ናት። በፈረንጅ 1994 የተሠራች፣ በናፍጣ የምትሠራ፣ በአራቱም ጎማ የምትጎትት። ጤፍ ትጭናለች፣ ማዳበሪያ ትጭናለች፣ ለሰርግም ለለቅሶም ታደርሰናለች። ድምፅዋን እንደ ቤተሰብ ድምፅ ለይቼ አውቀዋለሁ። ይሄ የሷ አልነበረም።

በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኋት። መካኒኩ ትንሽ ነዳትና ወረደ። “ኮሮናና ፒኞኑ አልቋል፣ ዲፈረንሻሉ ይቀየር” አለኝ። በኋላ ጎማዎቹ መካከል ባለው ዲፈረንሻል ውስጥ የሚገጥሙትን ትልቁንና ትንሹን ጥርስ ማለቱ ነው። ዘይቱን ከፍቶ አላየም። የጠራልኝ ዋጋ የአምስት ኩንታል ጤፍ ዋጋ ነው። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ ግን ልቤ አላረፈም።

ማታ የአባቴን ደብተር አወጣሁ። አባቴ የመኪናዋን ነገር ሁሉ ይጽፍ ነበር። የሞተር ዘይት በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ተጽፏል። ማጣሪያው፣ ጎማው፣ የፍሬን ሸራው ሁሉ አለ። የዲፈረንሻል ዘይት ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው ያገኘሁት፣ በ2009 ዓ.ም። እኔ መኪናዋን ከተረከብሁ ወዲህ ደግሞ ነገሬም ብዬው አላውቅም። ክረምቱን ሙሉ የገጠር ወንዝ ስሻገርባት ነው የከረምሁት። አንዳንዱ ቦታ ውሃው የኋላውን አክስል አልፎ ይወጣ ነበር።

ሌላ ሰው ብር ከማውጣቱ በፊት እንዲህ ቢሞክር ደስ ይለኛል። ሜዳ መንገድ ላይ 60 ገደማ እየነዳችሁ ነዳጅ ርገጡ፣ ከዚያ እግራችሁን አንሡ። ድምፁ ስትረግጡና ስትለቁ ከተለዋወጠ ነገሩ ከዲፈረንሻሉ ሊሆን ይችላል። ነዳጁ ምንም ሳያመጣበት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስትጠመዝዙ የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ የጎማ ኩሽኔታ መጠርጠር ነው። የኔዋ ስለቅ ይብሳል፣ ስረግጥ ይቀንሳል። ስለዚህ መካኒኩ ቦታውን አልሳተም። የኔ ጥያቄ ዕቃው ከመጣሉ በፊት ለምን ዘይቱ አይታይም የሚል ነው።

ዲፈረንሻል ከካምቢዮ በረጅሙ ዘንግ የሚመጣውን ዙር ተቀብሎ ወደ ጎን ጠምዝዞ ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ያካፍላል። ኩርባ ላይ የውጭኛው ጎማ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ ከውስጠኛው ፈጥኖ እንዲዞር የሚፈቅድለትም እሱ ነው። ትንሿ ጥርስ፣ ፒኞኗ፣ ከትልቁ ኮሮና እምብርት ዝቅ ብላ ነው የምትገጥመው። በዚህ የተነሣ ጥርሶቹ እርስ በርስ መግጠም ብቻ ሳይሆን በኃይል ይፋተጋሉ። ተራ ዘይት ያንን ፍትጊያ አይችለውም፣ ይጨመቅና ብረት ከብረት ይገናኛል። የዲፈረንሻል ዘይት ውስጥ የድኝ ቅመም የሚጨመረው ለዚህ ነው። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታም ከዚያ ነው የሚመጣው። ጣሳው ላይ “ጂኤል 5” የሚል የዘይት ደረጃ መኖር አለበት። እኔ ውፍረቱ 80 ደብልዩ 90 የሆነውን ነው የገዛሁት። ተርፎ ካምቢዮ ውስጥ ለመጨመር እንዳታስቡ። ጂኤል 4 የሚጠይቅ ካምቢዮ ውስጥ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላቸው ይችላል።

ቅዳሜ ጠዋት ጀመርሁ። ዘይት ሲሞቅ ነው በደንብ የሚወርደው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ወደ አማኑኤል አቅጣጫ ሃያ ደቂቃ ነድቼ ተመለስሁ። ግቢያችን ትንሽ ተዳፋት አለው። የፊት ጎማዎቹን በታኮ ያዝሁ፣ ኋላዋን በክሪክ አነሣሁ፣ ሞራሌ እንጨት ደግፌ ገባሁ። ክሪክ ብቻ አምኖ ከመኪና ሥር መግባት ራስን ለሞት መስጠት ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ታናሽ ወንድሜ አሮጌ ጀሪካን ጎኑን ቀዶ አቀረበልኝ። 24 ቡሶላዬን የታችኛው ብሎን ላይ አግብቼ ልፈታ ስል አጥር ላይ ቆሞ የሚያየኝ ጎረቤታችን ጮኸ። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሽማግሌ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚለው።

“አንተ ልጅ! የላዩን ፈትተሃል?”

“አልፈታሁም ጋሼ፣ መጀመሪያ ዘይቱ ይውረድ ብዬ ነው።”

“እና የላዩ እምቢ ቢልህ በምን ትሞላዋለህ? ባዶዋን ታቆማታለህ? ተው ወንድምዓለም፣ የሚሞላውን ሳትፈታ የሚያፈሰውን አትንካ።”

እውነቱን ነበር። የላይኛው፣ ከኋላ በኩል ያለው መሙያ፣ ንቅንቅ አላለም። ለዓመታት ጭቃና ዝገት በልተውታል። ዘይቱን አፍስሼው ቢሆን መኪናዋ እዚያው ቆማ ትቀር ነበር። በሽቦ ብሩሽ ዙሪያውን አጸዳሁ፣ የዝገት ማስለቀቂያ ነፍቼ ቁርስ በላሁ። ከዚያ የቡሶላው እጀታ ላይ የአንድ ሜትር ቱቦ ሰክቼ ወደ ታች ተጫንሁት። ጠቅ ብሎ ተፈታ። እዚህ ላይ አፈ ክፍት ቁልፍ አትጠቀሙ፣ የብሎኑን ማዕዘን ልጎ ያስቀራል። ቡሶላው እስከ ታች መግባቱንም በእጅ አረጋግጡ።

ከዚያ የታችኛውን ፈታሁ። የወጣው ዘይት አይደለም ብል ይሻላል። ወተት የበዛበት ማኪያቶ ነው። ወፍራም፣ ቡናማ፣ አረፋ ያለው። ጀሪካኑ ውስጥ ሲወርድ ድምፁ እንኳ የዘይት አልመስልህ አለኝ። ንጹህ የውሃ ጠብታም አብሮት ነበር። ወንድሜ ዝም ብሎ ያያል። ጋሼ አጥሩን ዞሮ መጣ፣ ጣቱን ነከረ፣ በአውራ ጣቱ አሸው፣ ሰማይ ላይ አንሥቶ አየው። “ወንዝ ጠጥታለች” አለ።

የታችኛው ብሎን ጫፉ ላይ ማግኔት አለው። እሱ ላይ የተለጠፈውን በጨርቅ ላይ ጠረግሁና በፀሐይ አየሁት። ግራጫ፣ እንደ ኩል የላመ ዱቄት ነው። ይሄ የተለመደ የብረት ብናኝ ነው፣ በዚያ ዕድሜ የሚጠበቅ። የጥፍር ስባሪ የሚያህል ስንጥር ወይም የጥርስ ቁራጭ ባገኝ ኖሮ ክርክሩ ያበቃ ነበር፣ መካኒኩ እውነቱን ነው ማለት ነው። አንድም አላገኘሁም። ይህቺን ጨርቅ እስከ ዛሬ አልጣልኋትም።

ውሃው በየት ገባ? ለዚህ ነበር ቀኑን ሙሉ የደከምሁት። አክስሉ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ ትንሽ የመተንፈሻ ክዳን አለች። ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ስለሚያብጥ በዚያች በኩል ይወጣል። የኔዋ በጭቃ ተደፍና ድንጋይ ሆናለች። አየር መውጫ ሲያጣ በዘይት መያዣ ጎማዎቹ በኩል ይገፋል። ያኔ ዘይት ወደ ኋላ ፍሬን ሊሄድ ይችላል። ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላው ነው። ረጅም መንገድ ተነድቶ የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፣ ይስባል። መተንፈሻው አየር ካልሰጠው በዘይት መያዣ ጎማዎቹ ጠርዝ ውሃ ይጠጣል። እኔ በየሳምንቱ ያደረግሁት ይሄንን ነው። በሙቀቷ ወንዝ ዳር እደርሳለሁ፣ ሳልቆም እገባለሁ።

መተንፈሻውን ነቅዬ በናፍጣ አጠብሁት፤ ግን መልሼ አልገጠምሁትም። ቶርኖ ቤት ሄጄ በዚያው ጥርስ ቱቦ የሚይዝ አፍ ያለው ብሎን አሠራሁ። የነዳጅ ጎማ ቱቦ ሰክቼ በካሶኒው ሥር አሳልፌ የነዳጅ መሙያው አጠገብ ከፍ አድርጌ አሰርሁት፤ ጫፉ ወደ ታች እንዲያይ አጠፍሁት። ቱቦው የአክስሉን መወዛወዝ እንዲችል ትንሽ ልቅ መሆን አለበት። ከጠቅላላው ሥራ በዋጋ ትንሹ ይሄ ነው፣ በጥቅም ግን ትልቁ።

ሙሌቱ ሌላ ፈተና ሆነ። ቀዳዳው ጎን ላይ ስለሆነ ጣሳ አይደርስበትም። የሃይላንድ ላስቲክ ቂጡን ቆርጬ ገለበጥሁት፣ አፉ ላይ ቱቦ አሰርሁ፣ የቱቦውን ሌላ ጫፍ መሙያው ውስጥ ከተትሁ። ወንድሜ ከላይ ካሶኒው ላይ ሆኖ ያፈሳል፣ እኔ ከታች አያለሁ። የማርቆስን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ። ዘይቱ እንደ ረጋ ማር አልወርድ አለ። ጣሳውን ሙቅ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ሩብ ሰዓት አቆየሁት፣ ከዚያ በኋላ ሰተት ብሎ ገባ።

ደግሞም ውሃ የገባበት ዲፈረንሻል ዘይቱ አንድ ጊዜ ተቀይሮ አይተውም። ዘንጎቹ ባሉበት ቱቦ ውስጥና በየጥጉ የተደበቀ አለ። መጀመሪያ የሞላሁትን አሥር ኪሎ ሜትር ቀስ ብዬ ነዳሁበትና አፈሰስሁት። አሁንም ደብዛዛ ነው። ሁለተኛውን ሞላሁ፣ ነዳሁ፣ አፈሰስሁ። ይሄኛው ብርሃን ያሳልፋል። ሦስተኛው የሚቆየው ሆነ። የኔዋ በአንድ ጊዜ ሁለት ሊትር ከ200 ገደማ ትወስዳለች፣ በጠቅላላ ወደ ሰባት ሊትር ፈጀሁ ማለት ነው። እስከ ታሸገ ድረስ ለማጠቢያው ርካሹን ገዝቶ ለመጨረሻው ጥሩውን ማስቀመጥ ይቻላል። ከተከፈተ በርሜል በሊትር የሚቀዳ ግን ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ እኔ አልነካውም።

የሠራሁት ስሕተት የታየኝ በመጨረሻው ሙሌት ነው። ዘይት የሚሞላው ከመሙያው ቀዳዳ ጠርዝ እስኪፈስ ድረስ ነው ይባላል፤ ልክ ነው። ይህ የሚሠራው ግን መኪናዋ ሜዳ ላይ ስትቆም ነው። እኔ ኋላዋን በክሪክ እንዳነሣሁ ነበር የሞላሁት። ኋላዋ ሲነሣ ዘይቱ ወደ ፊት፣ ወደ ፒኞኗ ይሄዳል፣ ከኋላ ያለው ቀዳዳ ከዘይቱ በላይ ይቀራል። ስለዚህ ከልኩ በላይ ገባ። አውርጄ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሜ መሙያውን ብፈታው አንድ የሻይ ብርጭቆ የሚያህል ፈሰሰ። የበዛ ዘይት አረፋ ይሆናል፣ መውጫም ይፈልጋል። ለነገሩ ሃይሉክስ ከፍ ያለች ስለሆነች ክሪክም አላስፈለገም ነበር። ደልዳላ ቦታ ፈልጎ፣ አራቱንም ጎማ በታኮ ይዞ፣ ምንጣፍ አንጥፎ መግባት ነው። ከዚያ ወዲህ የማደርገው እንደዚያ ነው።

የብሎኖቹ ሮንዴላዎች ተጨፍልቀው ስለነበር አዲስ አደረግሁ። ሲጠብቁ ቱቦ ሰክቶ በጉልበት መጎተት አያስፈልግም፣ ጥርሱን ያበላሻል። በእጅ ክንድ ልክ ጠበቅ ማድረግ ይበቃል። የፊት ዲፈረንሻሉንም ከፈትሁ። ጠቁሯል እንጂ ውሃ የለበትም፣ እሱንም ቀየርሁት። የኋላ ጎማዎቹን ውስጠኛ ጎን በባትሪ አየሁ፣ እርጥበት የለም። አሮጌው ዘይት ተጠራቅሞ ወደ ጀሪካን ገባ። እናቴ ለአጥሩ እንጨት፣ ምስጥ እንዳይበላው፣ ጥቂቱን ፈለገች። የቀረውን የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ሰጠሁ። የጉድጓድ ውሃ በምንጠጣበት ሰፈር ቦይ ውስጥ የሚያፈሱ ሰዎች ሳይ ያንገበግበኛል።

እምምታው? አልጠፋም። ግን ድሮ 50 ላይ ይጀምር የነበረው አሁን 70 ስደርስ ነው በቀጭኑ የሚሰማው፣ ጭነት ስይዝ ደግሞ የለም። ውሃው ጥርሱን ትንሽ ነክቶት እንደነበር አምናለሁ፣ ያንን ዘይት አይመልሰውም። መካኒኩ ጋ ሄጄ ጨርቋን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አያት፣ “እንደዚህ ከሆነ ይቆይልህ” አለኝ። ከመስከረም ወዲህ ሁለት ጊዜ ጭኜ በደጀን በኩል አባይ በረሃ ወርጄ ወጥቻለሁ። ያንን ሁሉ ዳገት እስከ ጎሐ ጽዮን ስትወጣ ጆሮዬን ኋላዋ ላይ ጥዬ ነበር። ድምፅ አልጨመረችም።

ወንዝ ዳር ስደርስ አሁን እቆማለሁ። ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ እኔ አክስሉ እስኪበርድ እጠብቃለሁ። ትናንት ማታ ደግሞ ቀዝቅዛ ደልዳላው ቦታ ላይ ቆማ ሳለ መሙያውን ፈታሁና ትንሿን ጣቴን አስገብቼ ወደ ታች አጠፍኋት። ጠርዙ ሥር ዘይቱ ነካኝ። አውጥቼ በባትሪ አየሁት። ቀለሙ የነጠረ ማር ነው።